ደሴ ታጥባ

«ማጠብማ ምን አለው? ማንም ሰው ያጥባል፤
ማድረቅ ግን ሙያ ነው፣ እጅን ይመርጣል»
ይል ነበር ሙሄ፣
ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አርጎ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካንዴላ እያየ።

ሐምሌ ነው። ቧንቧ ውሃ፣ ከሰአዳ ደጅ፣
ሞተሯን አቁመን፣ እኔና አንድ ልጅ፣
በሁለት ባልዲ ውሃ፣ በአንድ እፍኝ ኦሞ፣
ጭቃዋን ስናወርድ፣ ጦሳ እያየን ቆሞ፣
ገና አረፋውን አጥበን ሳንጨርስ፣
ጉም ለቀቀብን፣ ቀስ ብሎ የሚያርስ።

ሰልባትዮዋን ወለወልኩ፤
እንደ ትኩሳታም ግንባር መልሶ ላበው።
ወለወልኩ፤
መልሶ ላበው።

ኑርዬ ጉንጩን ነፍቶ
የቁልፍ ቀዳዳዋ ላይ እፍ አለ፤
አንዲት ጠብታ ተስፈንጥራ አፍንጫው ላይ አረፈች፣
ሳቀ።
«ውሃ ሌባ ነው» አልኩት፣ «የሚተኛው ከማታየው ነው፤
ከካንዴላ ቆብ ሥር፣ ከወንበር ስፖንጅ ጠርዝ፣
ራጂው ከቸርኬው ከሚጋጠምበት፣
ከፍሬኑ ሆድ ውስጥ።»

ይህ ቃል የእኔ አይደለም። የሙሄ ነው።
ጨርቁም የሙሄ ነው፤
ሰማያዊ ሸሚዝ፣ አንገቱ የነተበ፣
ደረት ኪሱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ያበበ።
ሰአዳ ናት የሰጠችኝ፣ በሩን ገርበብ አርጋ፦
«ለሞተርህ ይሁንህ። ጥጥ ነው፤ ውሃ ይጠጣል።»
ሌላ ቃል አልጨመረች፤
እኔም አልጠየቅኩ።

ደሴ ላይ አጥቦ ኮምቦልቻ ማስጣት፣
የእኔና የእሱ ነው፣ የክረምት ብልሃት።
ሸሚዙን መሪው ላይ በእጅጌው አስሬ
ሦስቴ ረገጥኳት፤ በአራተኛው ሳለች፣
ነጭ ጭስ ተፋች፤
ቁልቁል።

ሐረጎ መንገድ አይደለም፣
ተተብትቦ ተተብትቦ ሜዳ ላይ የሚያልቅ
የተጣለ ገመድ ነው።
የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝኩ፣
አልያዘም።
በጨለማ ደረጃ እንደሳተ ሰው
ሆዴ ቀድሞኝ ወረደ።
ከፊቴ አይሱዙ፣ ጭድ እስከ ሰማይ የጫነ፤
ከጎኔ ገደል፣
ገደሉን ጉም ሞልቶት፣
ሜዳ አስመስሎት።

«ከታጠበች በኋላ አትመናት።
ፍሬኑን ንካው፣ ልቀቀው፤ ንካው፣ ልቀቀው፤
በራሱ ሙቀት ይደርቃል።
እንዳኮረፈ ሰው ነው፣ በጉልበት አይታረቅም።»

ነካሁ። ለቀቅኩ። ነካሁ። ለቀቅኩ።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጎማው አጉረመረመ፣
አራተኛው ላይ ያዘ።

ያን ቀን ለእሱ ማን ነገረው?
ለሁላችን ሲናገር የኖረ ሰው፣
ነሐሴ ነበር፤ ታጥባ ነበር፤
ቸኩሎ ነበር፣
የሰው ደረሰኝ ይዞ፣ ባንክ ሳይዘጋ ሊደርስ።
ደረሰኙን አገኙት፤ ኪሱ ውስጥ፣
ሳይረጥብ።

ከሐረጎ ወገብ በታች ጉሙ ተቀደደ፣
ፀሐይ እንደ ሰው መዳፍ ጀርባዬ ላይ አረፈች።
የቦርከና ሜዳ ከነፋብሪካው ቆርቆሮ ብልጭ አለ።

ኮምቦልቻ ስቆም
ማርሚታው ላይ የቀረችው ጠብታ ጭስ ሆና ሄደች፤
ካቴናው ደርቆ ይንሲጠሲጣል፣ ዘይት አምሮት።
ሰልባትዮዋን ዳሰስኩ፤ ሞቃለች፣
እንደ ከብት ጎን።
አቧራም ከወዲሁ መጥቶ ተቀምጦባታል፣
ማን ጠራው?

ሁሉም ደርቋል። ሸሚዙ ብቻ፣
ከዚያ ቀለማም ኪሱ፣
ጠብ… ጠብ…

ከፈረቃ የወጣች አንዲት ሴት ጥላዋን አጥፋ
«ወደ ደሴ ነህ?» አለችኝ።
«ነኝ።»
«እንሂዳ ታዲያ!»
ቀና ብዬ አየሁ፤ ሐረጎ ላይ ጉሙ እንደተኛ ነው።
«ትንሽ ቆዪኝ» አልኳት፣ «ሸሚዝ እየደረቀ ነው።»
የለበስኩትን አየችው፤ ደረቅ ነው።
ምንም አላለችም።
ጥላዋን መልሳ ዘረጋች።